መጽሐፍ ፈላጊን ከመጽሐፍ ሻጭ የሚያገናኝ ምን ዕዳ አለበት?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት የቆየ ልማዳችን ነውና፥ ወደ ዋናው አሳባችን ከመግባታችን በፊት ጥያቄው የተነሣበትን ምክንያት ለአንባቢ መግለጽ ይገባናል።

በተማሪነታችን ዘመን መጽሐፍ የምንገዛው ከአንድ አዛውንት ሻጭ ዘንድ ነበር። ሱቃቸው ጠባብ፥ መደርደሪያቸውም እስከ ጣሪያ የሞላ ስለ ነበረ፥ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የመጻሕፍቱ ስም የተጻፈበት መዝገብ አልነበራቸውም፤ መዝገቡ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ገንዘብ ሲያጥረን በቀብድ ያስቀምጡልናል፤ የማይሆነንን መጽሐፍ ስናነሣ ደግሞ፥ «ይህን ተወው፤ ለአንተ የሚስማማህ ያኛው ነው» ብለው ከእጃችን ይወስዱታል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀምሮ በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ ሱቆች ከቆዩበት ስፍራ ሲነሡ፥ የእኚህ ሰው ሱቅም ከተነሡት አንዱ ሆነ። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ወዴት እንደ ሄዱ አልጠየቅንም። በዚያው ሰሞን ብዙ ጊዜ ስንፈልገው የኖርነው አንድ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዘዋወር አገኘነውና፥ ደራሲው በሕይወት መኖራቸውን እያወቅን፥ ሳንከፍል አነበብነው። ከወራት በኋላ አዛውንቱን በመንገድ ብናገኛቸው፥ ከሰላምታ ቀጥሎ የተናገሩት ቃል፥ «ልጄ፥ ያ የምትፈልገው መጽሐፍ እኮ ተገኝቷል፤ ትመጣለህ ብዬ እስከ ዛሬ አስቀምጬልሃለሁ» የሚል ነበር። አዲሱ ሱቃቸው ከመሥሪያ ቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አይርቅም። የምንመልሰው ቃል አጣን።

ይህን ታሪክ የኮምፒዩተር ሙያ ለተማሩ ወጣት ወዳጆቻችን ብናጫውታቸው አንድ አሳብ አቀረቡ። ይኸውም፥ አንባቢን ከየሰፈሩ መጽሐፍ ሻጭ ጋር በስልክ መልእክት የሚያገናኝ አገልግሎት ማቋቋም ነው። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባለሙያዎች «ቦት» የሚባለውን፥ ራሱ መልእክት ተቀብሎ የሚመልሰውን አገልጋይ እንዲሠሩበት ፈቅዷል። አንባቢው የሚፈልገውን መጽሐፍና የሚኖርበትን ሰፈር ይጽፋል፤ ጥያቄው ወደ ሻጮቹ ስልክ ይደርሳል፤ መጽሐፉ ያለው ሻጭ ዋጋውንና ሱቁ ያለበትን ስፍራ ይመልሳል፤ አንባቢውም ሄዶ ይገዛል። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ክርክሩ በምን ላይ ነው? ክርክሩ በሥነ ምግባሩ ላይ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል የሚገባ ሁሉ ለሁለቱም ባለዕዳ ነውና፥ ዕዳው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

በአገራችን ሰውን ከሰው የሚያገናኙ ሁለት ዐይነት ሰዎች እናውቃለን። አንደኛው የጋብቻ ሽማግሌ ነው። እርሱ ከልጅቱ ቤተ ሰብ ደጅ ይሄዳል፤ ቆሞ ይለምናል፤ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ዝምድና ከመሠረቱ በኋላ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባልና ሚስቱ በየቀኑ በእርሱ በኩል እንዲነጋገሩ አይሻም። ሁለተኛው ደላላ ነው። ደላላ በደኅና ከሠራ ጥቅም እንዳለው አንክድም፤ ዳሩ ግን እንጀራው በመካከል መቆየቱ ስለ ሆነ፥ ሻጭና ገዥ ያለ እርሱ እንዳይገናኙ ይጠነቀቃል። እንግዲህ አዲሱ አገልግሎት የትኛውን ይምሰል? የእኛ መልስ ሽማግሌውን ይምሰል የሚል ነው።

በውጭው ዓለም የሆነውን መመልከት ለዚህ ይረዳል። አማዞን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢንተርኔት መጽሐፍ መሸጥ ሲጀምር፥ ገዥ ከሻጭ ጋር ሳይተያይ መገበያየት የሚችልበት መንገድ ተከፈተ፤ በብዙ ከተሞችም የሰፈር መጽሐፍ ሻጮች ተቸገሩ። የፈረንሳይ መንግሥት ገና ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሕግ የአዲስ መጽሐፍ ዋጋ በሁሉም ሱቅ አንድ እንዲሆንና ቅናሹም ከመቶ 5 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ቡክሾፕ የተባለ የኢንተርኔት መደብር ተቋቁሞ፥ አንባቢ የሰፈሩን ሱቅ መርጦ መጽሐፍ ሲያዝዝ ከሽፋኑ ዋጋ ከመቶ 30 ለዚያ ሱቅ እንዲሰጥ አደረገ። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ለሻጩ የሚደርሰው ገንዘቡ ነው እንጂ አንባቢው አይደለም። እኛ የምንመኘው አንባቢው ራሱ በእግሩ ሄዶ ደጁን እንዲረግጥ ነው።

ይህን ስንል አዲስ መሣሪያ ሁሉ የመጽሐፍ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፥ የድምፁ ውበት መጽሐፉን አላስረሳም። ትረካውን የሰማ ሁሉ መጽሐፉን በእጁ ለመያዝ ይመኝ ነበር እንጂ። ሬዲዮው አድማጩን ወደ መጽሐፉ ላከው። የጥሩ አገናኝ ምልክቱም ይህ ነው።

እንግዲህ የአገልግሎቱን ዕዳ በአራት ከፍለን እናያለን።

የመጀመሪያው ዕዳ እውነት ነው። በዛሬው ጊዜ እንደ ሰው የሚመልሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን የሌለ መጽሐፍ ስም ፈጥረው ያልጻፈውን ሰው ደራሲ እስከ ማድረግ ይደርሳሉ። ስለዚህ አገልግሎቱ ከራሱ መልስ አይፍጠር፤ የሻጩን ቃል ብቻ ያድርስ፤ ከጠፋም ጠፋ ይበል። ደግሞም አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሐይ» ብሎ ይጽፋልና፥ በድምፅ አንድ በሆኑት ፊደሎቻችን ልዩነት ምክንያት በመደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ የለም እንዳይባል ከመጀመሪያው ይታሰብበት።

ሁለተኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው። ሰው የሚጠይቀው መጽሐፍ የልቡን ጭንቀት ይገልጣል። ስለ ደዌው፥ ስለ ትዳሩ፥ ስለ ሃይማኖቱ የሚፈልግ ሁሉ ስሙ በመዝገብ እንዲቀመጥ አይወድም። አዛውንቱ ሻጭ ማን ምን እንደ ገዛ ለማንም አይናገሩም ነበር። አገልግሎቱም መጽሐፉ እንደ ተገኘ የጠያቂውን ስም ሊሰርዝ ይገባዋል።

ሦስተኛው ትክክለኛ ፍርድ ነው። ብዙ የከፈለ ሻጭ ፊተኛ፥ ያልከፈለው ኋለኛ እንዲሆን ከተደረገ፥ በመንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጠውና በክንዱ ተሸክሞ የሚዞረው አዟሪ ከበሩ ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በሰፈር ቅርበት ይሁን። ከገበያ የጠፋ መጽሐፍም ሲጠየቅ፥ ፈላጊው መብዛቱ በየሱቁ ከተሰማ ዋጋው በአንድ ሌሊት ይወጣልና፥ ጥያቄው አስቀድሞ ለቅርቦቹ ሻጮች ብቻ ይድረስ፤ ከእነርሱ ዘንድ ከታጣ በኋላ ወደ ሌላው ሰፈር ይለፍ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ዘወር ማለት ነው። አንባቢው አንድ ጊዜ ሱቁን ካወቀና ከሻጩ ጋር ከተዋወቀ፥ ለሁለተኛው መጽሐፍ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ሰውየው ቢሄድ አገልግሎቱ ሊደሰት ይገባዋል። ስንት ሰው በየቀኑ መልእክት ላከልኝ ብሎ የሚቈጥር አገናኝ ወደ ደላላነት ማዘንበሉ ነው። ስንት ሰው እኔን ሳያስፈልገው ቀረ ብሎ የሚቈጥር ግን ሽማግሌ ነው።

በዚህ ስፍራ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንዱ፥ መጽሐፉ ከተገኘ ዘንድ ወደ ሱቅ መሄዱ ለምን ያስፈልጋል? የሚል ነው። ሰው የሚጠይቀው የሚያውቀውን መጽሐፍ ብቻ ነው። ስሙን ያልሰማው፥ ነገር ግን ሕይወቱን ሊያቀናለት የሚችለው መጽሐፍ ከጎኑ ባለው መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ይህንም የሚያሳየው የሻጩ እጅ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ገንዘብ የሌለው ተማሪ በስልክ የሚዘዋወረውን ቅጂ ቢያነብ ምን ያጠፋል? የሚል ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ለድኻ ተማሪ ሕግ ማንበብ ብቻ መልስ አይሆንም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲመጣ አገልግሎቱ አብሮ ቤተ መጻሕፍትን ያመልክት፤ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት አንዱ ነው። ያገለገለ መጽሐፍ በቅናሽ የሚሸጠውንና በቀብድ የሚያስቀምጠውንም ሻጭ ይንገረው። የእኛ ጥፋት ግን በድህነት የሚሳበብ አልነበረም፤ ደመወዝ እየበላን ነበርና። ያጠረን ገንዘብ ሳይሆን «ወዴት ሄዱ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ዕዳው የአገናኙ ብቻ አይደለም፤ አንባቢም ድርሻ አለበት። «አስቀምጡልኝ» ብሎ የሚቀር አንባቢ የሻጩን ቀን ይሰርቃል። መልእክት መላክ መምጣት አይደለምና፥ ቃል የሰጠ ሰው በዕለቱ ይገኝ፤ መምጣት ባይችልም ሌላ ሰው እንዲገዛው ይልቀቅ።

እኛም በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አዲሱ ሱቅ ሄደን፥ አስቀድመን ያነበብነውን መጽሐፍ ሙሉ ዋጋውን ከፍለን ወሰድን፤ ሳንከፍል ማንበባችንንም ነገርናቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ታዲያ መጽሐፉ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁን፤ ስለ መጽሐፉም እስኪመሽ ተጫወትን። ወጣቶች ወዳጆቻችን የሚሠሩት አገልግሎት ሌላውን አንባቢ እዚያ ደጅ ድረስ ካደረሰው ሥራውን ፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ የሁለቱ ነው።