መከተልና ማስከተል

አማርኛ ሁለት ድርጊቶችን በአንድ ትንፋሽ የሚያስርበት፣ ቦዝ አንቀጽ የሚባል የግስ ቅርጽ አለው። «ዳማከሴ ጠጥቶ ዳነ» ሲባል፣ «ጠጥቶ» የሚለው ቃል መጠጣቱ ከመዳኑ መቅደሙን ብቻ ይናገር ወይስ የመዳኑ ምክንያት መሆኑንም ይጨምር ሰዋስዉ አይለይም፤ ሰሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ይዞ ይሄዳል። ይህ የቋንቋው ጉድለት አይደለም፤ የሰው አእምሮ ራሱ ተከታትለው የመጡ ነገሮችን እንደ ምክንያትና ውጤት ማየት ይቀናዋልና። ሳይንሳዊ ዘዴ የሚባለውም፣ ከመሣሪያዎቹና ከቀመሮቹ ሁሉ በፊት፣ ይህን ቋጠሮ ለመፍታት፣ ማለትም አንድን ነገር የተከተለውን ያ ነገር ካስከተለው ለመለየት የተበጀ ሥርዓት ነው።

ቋጠሮውን የሚያጠብቀው በሽታ የራሱ አካሄድ ያለው መሆኑ ነው። ጉንፋን፣ ምች የሚባለው ሕመምና ብዙው የወገብ ሕመም መድኃኒት ቢወሰድላቸውም ባይወሰድላቸውም አብዛኛውን ጊዜ ቀናቸውን ጠብቀው ይለቃሉ፤ ከዚህም ሌላ ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣው ሕመሙ በጠናበት ቀን ስለሆነ፣ ከጠናው ቀን ቀጥሎም ብዙ ጊዜ የተሻለ ቀን ስለሚመጣ፣ በዚያ መካከል የተወሰደ ማናቸውም ነገር የፈዋሽነት ዝና ያገኛል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ይህን ክስተት ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል። እንግዲህ የዳነው ሰው ያየውን በእውነት እየመሰከረ፣ ከምስክርነቱ የሚደረስበት መደምደሚያ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ማለት ዳማከሴ አይጠቅምም ማለት ሳይሆን፣ መጥቀሙ በዚህ መንገድ ሊታወቅ አይችልም ማለት ነው።

ከተራ ዕይታ ወደ ሳይንስ የሚያሻግረው እርምጃ በእንዶድ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድግባቸው ናቸው። «እንዶዱ ፈስሶ ቀንድ አውጣው ሞተ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ሞቱም። በዚህች ትንሽ ሙከራ ውስጥ የዘዴው ፍሬ ነገር አለ፤ ግምቱ ሊሸነፍ በሚችልበት ሜዳ ላይ እንዲቆም ተደርጓልና፣ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ቢቆዩ ኖሮ እዚያው በወደቀ ነበር። ፈላስፋው ካርል ፖፐር ሳይንሳዊ አባባል ከሌላው የሚለየው ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱ ሊገለጥ የሚችልበት መንገድ ስላለው ነው ሲል ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ይሁንና ቀንድ አውጣን መግደል አንድ ነገር፣ ሕፃንን ከበሽታ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለማቋረጥ በአድዋ ዓመታት የፈጀ የመስክ ሥራ ተካሂዶ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዝግቧል። ለውጡ እጅግ ትልቅ ነው፤ ሆኖም «በፊት»ን ከ«በኋላ» ጋር የሚያነጻጽር ማስረጃ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፤ በእነዚያው ዓመታት እንዶድ ባልገባበት ተመሳሳይ ከተማ ምን ይሆን ነበር?

«ምን ይሆን ነበር» የሚለው ጥያቄ የጤና ምርምር እምብርት ነው። አንድ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ መድኃኒቱን ወስዶም ሳይወስድም ሊታይ አይችልምና፣ ያልተሄደበት መንገድ በሌሎች ሰዎች መወከል ይኖርበታል፤ እነዚህም ከመድኃኒቱ በቀር በሁሉም ነገር የሚመሳሰሉ መሆን አለባቸው። ምርጫው ለሐኪሙ ቢተው፣ ሐኪሙ ራሱ ሳያውቀው አድልቶ የመዳን ተስፋ ያላቸውን ወደ አዲሱ መድኃኒት ሊመድብ ይችላል፤ ዕጣ ግን አያዳላም፤ ማንም ያላሰበውን ልዩነት እንኳ ለሁለቱም ወገን ይበትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ጥናት፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ባዘጋጀው የዕጣ ሥርዓት 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ለሁለት ከፈለ፤ በ6 ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሰዎች ደግሞ 14 ሞቱ። ነገር ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየተላመደ በመሄዱ፣ ከ5 ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የሞት ልዩነት በጣም ጠቦ ተገኘ፤ የጥናት ውጤት ትርጉም መቼ እንደተለካ ሳይታወቅ የማይነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕጣ በታመመ ሰው ላይ መጣል ለብዙዎች ጭካኔ ይመስላቸዋል፤ ይህ ስሜት ሊናቅ አይገባውም፣ ከርኅራኄ የመነጨ ነውና። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን የት ሊያደርስ እንደሚችል በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው፣ ፊስት የተባለው ጥናት አሳይቷል። ከባድ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ሕፃናት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት የተለመደና አመክንዮውም ግልጽ የሆነ ሕክምና ነበር፤ የጎደለውን መሙላት ነውና። በጥናቱ በዕጣ የተመደቡት ሕፃናት 3,141 ሲሆኑ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100 ከ10 የሚበልጡት፣ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን 7 ያህሉ ሞቱ። በኋላ በወጣው ትንታኔ እንደታየው፣ የደም ዝውውር መዳከሙ ምልክት በመጀመሪያው ሰዓት ይበልጥ የተሻሻለው ፈሳሹ በተሰጣቸው ላይ ነበር። በአልጋው አጠገብ የቆመ ሐኪም ያየው ይህንኑ መሻሻል ነው፤ ያየውም እውነት ነበር። የተነጻጸረ ቁጥር ባይኖር ኖሮ፣ በቀጣዩ ቀን የሞተው ሕፃን ሞት ለበሽታው ጽናት፣ የተረፈው ሕፃን መትረፍ ለፈሳሹ እየተሰጠ ልማዱ በቀጠለ ነበር። በልማድ ለሁሉም የሚሰጥ ያልተፈተሸ ሕክምናም ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ መዝገብ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ጥናቱን የሚያነብ ሰው ሌላም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። «ሞትን በ45 በመቶ ጨመረ» ማለትም «ከ100 ሕፃናት በ3 ሞት ገደማ ጨመረ» ማለትም እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያው አንዱን ወገን በሌላው መጠን ይለካል፣ ሁለተኛው ስንት ሰው እንደተነካ ይናገራል፤ መድኃኒት ሻጭም ይሁን ጋዜጣ የመጀመሪያውን ብቻ ሲያቀርብ፣ ሁለተኛውን መጠየቅ የአንባቢው መብት ነው። በተቅማጥ ምክንያት ውኃ ያለቀባቸው ሕፃናት በዚህ ጥናት አልተካተቱም፤ ጥናቱም የተካሄደው የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለባቸው ሆስፒታሎች ነው። እነዚህን ወሰኖች ዘሎ «ፈሳሽ ይገድላል» ብሎ የሚደመድም ሰው ሳይንስን ተጠቅሞ ወደ መጀመሪያው ስሕተት ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ ከባድ የሆነው ጥያቄ ግን በዚህ አይፈታም። ከ100 ሕፃናት ውስጥ በፈሳሹ ምክንያት የሞቱት 3ቱ እነማን እንደሆኑ ዘዴው ሊናገር አይችልም፤ ፈሳሹ ባይሰጣቸውም ሊሞቱ ከነበሩት ሰባቱ የሚለያቸው ምልክት የለምና። ለአንዲት እናት ልጇ «ፈሳሽ ተሰጥቶት ሞተ» ማለት ይቻላል፤ ለሌላዋም ልጇ «ፈሳሽ ተሰጥቶት ዳነ»። ስለ ብዙዎቹ በአንድነት ቋጠሮው ተፈትቷል፤ ስለ አንዱ ሕፃን ግን ቦዝ አንቀጹ እንደታሰረ ይቀራል።