መከታ የሌለው ጣሪያ



አንዳንዶቻችሁ ከትምህርት በኋላ በር ላይ እያቆማችሁ «መምህር፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ከጻፈልን እኛ ፕሮግራሚንግ የምንማረው ለምንድን ነው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ለምን እንደሚያስጨንቃችሁ ይገባኛል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ስልክ፣ መብራትና ባንክ ሲቋረጥብን፣ በዚያው ወር ጊትሃብ የተባለው ኩባንያ ኮድ በመጻፍ የሚያግዘውን ኮፓይለትን ለሙከራ አቀረበ። ቻትጂፒቲ ደግሞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ወጣ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስልን ሙያው ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀን። ስለዚህ «ያጣናቸውን ዓመታት በአቋራጭ እንካሳቸው» የሚለው ሐሳብ እኛን ከሌላው ይበልጥ ይፈትነናል። እኔንም ፈትኖኛል፤ ወድቄበታለሁም።

አንድ የቁጠባ ማኅበር የአባላቱን ወርሃዊ መዋጮ የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም እንድሠራለት ጠየቀኝ። የምፈልገውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ነገርኩት፤ በአንድ ምሽት አለቀ። ኮዱን ግን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ከፍቼ ሞከርኩት፣ ሠራ፣ አስረከብኩ። መስከረም ላይ በተደረገው ስብሰባ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ተነበበ። ከእነርሱ መካከል የአንዲት ባልቴት ስም ነበረ። እናታችን በሰው ሁሉ ፊት ቆመው «ከፍያለሁ» አሉ፤ ከነጠላቸው ጫፍ ደረሰኛቸውንም ፈትተው አወጡ። የተከፈለበት ቀን ጳጉሜን 3 ይላል። ነገሩ ገባኝ፤ ፕሮግራሙ ከ12 በላይ የሆነን የወር ቁጥር እንደ ስህተት ቆጥሮ፣ ለማንም ሳይናገር ይጥለው ነበር።

«አደይ፣ ማሽኑ ተሳስቶ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ማሽኑን አላውቀውም፤ የማውቀው አንተን ነው» አሉኝ።

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰጠኋቸው መልስ አዳም በገነት ለእግዚአብሔር ከሰጠው መልስ የተለየ አልነበረም፤ እርሱ ወደ ሔዋን ጠቆመ፣ እኔ ወደ ማሽን።

ማሽኑ ለምን እንደተሳሳተ ማወቅም ይጠቅማችኋል። እነዚህ ሥርዓቶች የሚሠለጥኑት ሰዎች በጻፉት እጅግ ብዙ ኮድና ጽሑፍ ነው፤ ከዚያም ተነሥተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ይገምታሉ። የዓለም ኮድ አብዛኛው የተጻፈው 12 ወር ላለው የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛን 13ኛ ወር የሚያውቅ፣ እኒያ እናት ዕዳቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ዓመት ላለመሻገር በጳጉሜን ሊከፍሉ እንደሚችሉ መገመት የሚችል ሰው እኔ ነበርኩ። ድርሻዬ ይህ ነበር፤ አልተወጣሁትም።

በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የአባቶቻችንን ህድሞ ያየ ሰው ትእዛዙ ቶሎ ይገባዋል፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ ሰው ይወጣበታል። ሕጉ ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ እንጨቱን ማን ቆረጠው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። ኮድም እንዲሁ ነው። ማንም ይጻፈው፣ ሰው እንዲጠቀምበት የሰጠው ሰው ይጠየቅበታል።

መከታው ሲጎድል ምን እንደሚሆን አገራችን አይታለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ፤ በዚያ ሌሊት የወጣው ያለአግባብ የተወሰደ ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑንም ገለጸ። ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ በአደባባይ ተለጠፈ። የወሰደ ሰው በወሰደው ይጠየቃል። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ክፍተት ስንት የእናንተን እኩዮች እንደጣለ አስቡ። ይህ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምክንያት የመጣ ነገር አልነበረም። ሆኖም ማንም ያላነበበው ኮድ በየቦታው ሲበዛ፣ መከታ የሌለው ጣሪያም አብሮ ይበዛል።

«መምህር፣ የምጠቀምበትን ሁሉ ላውቅ አልችልም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግንበኛም ድንጋዩን ሁሉ ራሱ አይፈነቅልም። ጥሩ ግንበኛ ግን ከመገንባቱ በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ በመዶሻው መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ የተሰነጠቀውን ይለያል። ይህን ጆሮ ያገኘው ግን ለዓመታት በእጁ ሠርቶ ነው። እንግዲህ ፕሮግራሚንግ የምንማረው ለዚህ ነው። ማሽኑ በፍጥነት ይጽፋል፤ የተሰነጠቀውን ለመስማት ግን የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል።

ስለዚህ መሣሪያውን ተጠቀሙበት፤ ከእርሱ መሸሽን አልመክራችሁም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም የተመዘገባችሁም በርቱ፤ የምስክር ወረቀቱን ብቻ ብላችሁ ግን አትማሩ። የመጀመሪያውን ኮድ ራሳችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ከማሽኑ ጋር አስተያዩት። ያልገባችሁን መስመር እስኪገባችሁ ድረስ ጠይቁት። ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት፣ ቢበላሽ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስቡና በእርሱ ቦታ ሆናችሁ ፈትኑት። ለአለቃችሁም «ይህን ክፍል አላጣራሁትም» ማለት እንዳያሳፍራችሁ። ሥራ የሚያሳጣ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ኮድ እንደ ውኃ በሚቀዳበት ዘመን የሚፈለገው ቃሉ የሚታመን ሰው ነው።

እኔም ኮዱን መስመር በመስመር አንብቤ አስተካከልኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ስማቸው በተነበበበት ቦታ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። እናታችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ከዚያም «አሁንስ ጳጉሜን ገብታለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ገብታለች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ።