ውራጅ መቀበል ያሳፍራልን?

«ውራጅ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ጆሮ ደስ አይልም። ታላቅ ወንድም የጠበበውን ካፖርት ለታናሹ ሲሰጥ ማንም አያፍርም፤ ያው ካፖርት ከጎረቤት ቤት ሲመጣ ግን ልጁ አንገቱን ይደፋል። ካፖርቱ አንድ ነው፤ ሙቀቱም አንድ ነው። ታዲያ ኀፍረቱ ከወዴት መጣ? ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ልንወያይ ወደድን።

በአገራችን አሮጌ ዕቃ በቀላሉ አይጣልም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ጠርሙስና ብረታ ብረት ይገዛል፤ ልዋጭ የሚሉትም አሮጌ ልብስ ወስደው በምትኩ የቤት ዕቃ ይሰጣሉ። በመርካቶ፣ በምን አለሽ ተራ፣ የተሰበረው ተቀጥቅጦና ተጠግኖ እንደገና ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ዋጋ ወይም ምትክ አለ። ሁለቱም ወገን ተከራክረው ስለሚለያዩ አንዱ የሌላው ባለ ዕዳ ሆኖ አይቀርም፤ ስለዚህ ኀፍረት የለም።

ዋጋም ምትክም የሌለበት መንገድ ደግሞ አለ። በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ በቱሳን ከተማ ዴሮን ቢል የተባለ ሰው ገና የሚያገለግሉ ዕቃዎች ሲጣሉ ማየት ከብዶት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለማዳረስ ይደክም ነበር። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2003) ለወዳጆቹና ለጥቂት ድርጅቶች የኢሜይል መልእክት ላከ፤ ፍሪሳይክል የተባለው ማኅበር በዚህ ተጀመረ። ዋና ሕጉ የሚሰጠው ሁሉ በነፃ ይሰጥ የሚል ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው በቤይንብሪጅ ደሴት ሬቤካ ሮክፌለርና ሊዝል ክላርክ «ምንም አትግዙ» የሚል ትርጉም ያለውን ባይ ናሲንግ በፌስቡክ ጀመሩ። በዚያ መሸጥም መለዋወጥም ክልክል ነው። ጎረቤት ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ የጎደለውን ይጠይቃል፤ ላገኘውም በሁሉ ፊት ያመሰግናል።

እንዲህ ባለው ቡድን የሚገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ያስደስታል። አንዱ ቤት ቦታ ያጣበበ የልብስ ስፌት መኪና ስፌት ለምትማር ልጅ የሥራ መጀመሪያ ይሆናል። ሽፋኑ የተላጠ መዝገበ ቃላት፣ ሕፃኑ ያደገበት አልጋ፣ አያት የተዉት የሸክላ ማጫወቻ አዲስ ወዳጅ ያገኛሉ። ሱቅ ስንሄድ የምንሻውን አውቀን ነው፤ እዚህ ግን ያላሰብነው ይገጥመናል።

ነገር ግን ትልቁ ግኝት ዕቃው አይመስለንም። ደመወዙ የበዛው መሰላል ይጠይቃል፤ ያልበዛውም ከጓሮው የአበባ ችግኝ ይሰጣል። የዛሬው ሰጪ የነገው ጠያቂ ነው። እንግዲህ ውራጅን መራራ የሚያደርገው የዕቃው ማርጀት አይደለም፤ የአንዱ እጅ ሁልጊዜ ከላይ፣ የሌላው እጅ ሁልጊዜ ከታች መሆኑ ነው። ታናሽ ወንድም ያላፈረውም በቤቱ እርሱም ሰጪ ስለሆነ ነው።

አንዳንዶች «በነፃ የሚገኝ ነገር ስግብግብነትን ያስተምራል» ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ነፃ ስለሆነ ብቻ የማያስፈልገንን ብናከማች ወይም ወስደን ብንሸጥ፣ የሌላውን ድርሻ ነጥቀናል። ሰጪም ከዚህ ፈተና አያመልጥም። የተቀደደና የቆሸሸ ልብስ «ለድኻ ይሆናል» ብሎ የሚሰጥ ሰው ቆሻሻውን ወደ ሰው ቤት አዛወረ እንጂ ስጦታ አልሰጠም።

ስለዚህ ለራሳችን ሦስት ጥያቄዎች እናቅርብ። ስንሰጥ፦ ይህን ዕቃ እኛ ብንቀበለው ደስ ይለን ነበርን? ስንወስድ፦ ከእኛ ይልቅ የሚቸገርበት ሰው አለን? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፦ እኛስ የጎደለንን ከምንረዳው ሰው ለመጠየቅ እንደፍራለን? ለመስጠት የምንፈጥን፣ ለመጠየቅ ግን የምናፍር ከሆነ፣ ስጦታችን ያንን ከታች ያለውን እጅ እዚያው የሚያቆይ ነው።

ሙከራውን ከመካከላችን ልንጀምር እንችላለን። ክፍል የተዛወረ መጽሐፉን፣ ቁመት የጨመረ ጫማውን አጽድቶ ያምጣ። የሚያመጣ ሁሉ ግን የሚፈልገውንም አንድ ነገር ይናገር፤ ማንም ሰጪ ብቻ፣ ማንም ተቀባይ ብቻ ሆኖ ወደ ቤቱ አይመለስ።