የትናንት ጥማት በዛሬ ብርጭቆ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን አንድ መጠጥ ቤት ገባን። «ገባን» ማለቱ ቀላል ነው፤ በሩን ለማግኘት ግን ሩብ ሰዓት ፈጅቶብናል። እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ንጽሕና ቤት አጠገብ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ጥቁር በር ነው። ሲያንኳኩ ትንሽ መስኮት ትከፈትና አንድ ባለሰደርያ ጎረምሳ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቃሉ ቦታ ለያዘ ሰው ሁሉ በስልክ የሚላክ ነው። እኛም እንደ ወንጀለኛ አንሾካሹከን፣ እየተሳሳቅን፣ ደረጃውን ወርደን ከ1920ዎቹ ዓመታት ገባን።

መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ፖሊሶች የመጠጥ በርሜል ሲሰብሩ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ የሸክላ ማጫወቻ ጃዝ ያሰማል። ኮክቴሉ የሚቀርበው በሻይ ስኒ ነው፤ ከፖሊስ ለመደበቅ መሆኑ ነው። ከመጠጡ ጋር የሚበላው ደግሞ ሱሺ! ከመካከላችን አንዱ «ኧረ በዚያ ዘመን እዚህ አገር ሱሺ ማን አይቶ ያውቃል?» ብሎ አሳቀን። ይህን ጽሑፍ የወለደችው ይህች የቀልድ ጥያቄ ናት።

መጠጣት ነውር ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌሎች እንተወው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰዎች የተሠቃዩበትን ዘመን ጌጥ አድርገን ስንዝናናበት ለእነዚያ ሰዎች ያለብን ዕዳ አለ ወይስ የለም?

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። አሜሪካ በ18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አማካይነት ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. የአልኮል መጠጥ መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን ከልክላ ነበር። ዋሽንግተን ከተማማ ቀድማ፣ ከኖቬምበር 1917 ጀምሮ «ደርቃለች»። ደረቀች ይባል እንጂ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ጉሮሮ አልደረቀም። በመጠጥ ቤቱ ዝርዝር ላይ «ባለአረንጓዴው ባርኔጣ» የሚባል ኮክቴል አለ። ስሙ የተወሰደው ከጆርጅ ካሲዲ ነው። ካሲዲ መጀመሪያ በተወካዮች ምክር ቤት፣ ቀጥሎም በሴኔቱ ሕንፃ፣ ለሕግ አውጪዎቹ ለዓመታት መጠጥ ሲያቀርብ የኖረ ሰው ነው። በ1925 ሲያዝ አረንጓዴ ባርኔጣ አድርጎ ስለ ነበር ቅጽል ስሙ በዚያው ቀረ። በ1930 በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ታሪኩን ሲያወጣ፣ ከአምስት የምክር ቤት አባላት አራቱ ይጠጣሉ ብሎ ጽፏል። ዝርዝሩ ይህን እያሳሳቀ ይተርካል።

የማይተርከው ሌላ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1928፣ ሚሺጋን ውስጥ ኤታ ሜይ ሚለር የተባለች የዐሥር ልጆች እናት፣ ጥቂት መጠጥ ሸጠሻል፣ ይህም አራተኛ ጥፋትሽ ነው ተብላ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ኋላ ብትፈታም ፍርዱ ፍርድ ነበር። ምክር ቤት ውስጥ የሚጠጣው ሕግ ያወጣል፤ ልጆቿን ለማሳደግ የምትሸጠው ወኅኒ ትወርዳለች።

ሁለተኛው ዙር ሲመጣ አንዳችን ዝንጅብል ያለበት «ጄክ» የሚባል ኮክቴል አዘዘ። የታሪክ ተማሪዋ ጓደኛችን ስሙን ስትሰማ ስኒዋን አስቀመጠች። ጄክ ለሆድ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጥ፣ አልኮሉ የበዛ የዝንጅብል ውህድ ነበር፤ የተሻለ መጠጥ መግዣ ያጣ ድኻ ይጠጣው ነበር። በ1930 ነጋዴዎች የመንግሥትን ቁጥጥር ለማምለጥ ኬሚካል ቀላቀሉበትና በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሰለለ። ይህን ስትነግረን ያዘዘው ልጅ ደንግጦ ስኒውን አየ፤ ከዚያ ተናደደ።

«አቦ ተይን! ሰው ሊዝናና ነው የመጣው ወይስ ለቅሶ ሊደርስ? እንዲህ ከሆነማ የቱ ጉርሻ ነው ንጹሕ? ይሄ ሱሺስ ቢሆን?»

አነጋገሩ የንዴት ቢሆንም ክርክሩ የዋዛ አይደለም። ሱሺ ጥንት ዓሣን በጨውና በሩዝ እያብላሉ እንዳይበላሽ የሚያቆዩበት ዘዴ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ፣ መንገድ ዳር ቆመው በእጅ የሚበሉት ፈጣን ምግብ ሆነ። ዛሬ እጅግ የሚወደደው የቱና ስቡ ክፍል ያኔ እንደማይረባ ይጣል ነበር። ከመንገድ ዳር ተነሥቶ እነሆ የእኛን የሳምንት አስቤዛ በሚያህል ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ ሱሺንም እናውግዝ?

አናወግዝም። ምክንያታችንም ይህ ነው። ያ ሱሺ እኔ የኤዶ የመንገድ ዳር ምግብ ነኝ አላለንም፤ ተለውጧል፣ መለወጡንም አልደበቀም። የዛሬ ምግብ ነኝ ብሎ ቀረበ፣ በላነው። መጠጥ ቤቱ ግን «እኔ ያ ዘመን ነኝ፣ ግቡና እዩ» አለን። የሸጠልን መጠጥ ብቻ ሳይሆን ትናንትን ጭምር ነው። ታሪክን ጠርቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ለታሪክ ዕዳ አለበት። በእኛ አስተያየት ነውሩ መዝናናቱ አይደለም፤ ነውሩ ካሲዲን አስገብቶ ኤታ ሜይ ሚለርን ደጅ ማስቀረቱ ነው። ታሪክም እንደ ቤት ሳሎንና ጓዳ አለው። ከእኛ መካከል ሁለቱ ማታ ማታ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥቡ ናቸውና ጓዳ ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ጽሑፋችን ቢያበቃ በሰው ቤት ላይ ፈርደን መሄዳችን ነበር። ነገር ግን ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ያቺው ጓደኛችን ሌላ ነገር አነሣች። እንደምታውቁት የዘንድሮው የተማሪዎች ምሽት «የግብር ምሽት» እንዲሆን ኮሚቴው ወስኗል። መጋረጃ ይዘረጋል፤ አንዱ አጋፋሪ፣ ሌላው ደጃዝማች፣ ሌላዋ እቴጌ ሆና ትቀመጣለች፤ ጠጅ በብርሌ ይቀዳል። ውሳኔው ሲነበብ ሁላችንም አጨብጭበናል። እሷም «ለመሆኑ ከእኛ ውስጥ ውኃ ቀጂዋ ማን ናት?» አለችን።

ዝም አልን።

በምኒልክ ዘመን በነበረው ግብር ሺህ ሰው በአንድ አዳራሽ ይበላ ነበር። ግን ሁሉም እኩል አልበላም፤ መቀመጫው በማዕርግ፣ ጠጁም በማዕርግ ነበር፤ ለላይኛው የጠራው፣ ለታችኛው የቀጠነው። ከአዳራሹ ጀርባ ደግሞ እህል የሚፈጩ፣ እንጨትና ውኃ የሚሸከሙ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ነበሩ። በእኛ ድግስ ግን ሁሉም መኳንንት ነው። የሁላችንም አያቶች ደጃዝማች ከነበሩ እህሉን ማን ፈጨው?

ጄክ ያዘዘው ጓደኛችን እስከ ዛሬ አልተሸነፈም። «ድግሱን ትምህርት ቤት ልታደርጉት ነው» ይላል። ስጋቱ ይገባናል፤ ስብከት ያለበት ድግስ ጠጁንም ያኮመጥጠዋል። እኛም ምሽቱ ይቅር አላልንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ አዳራሹን ካሳየን ጓዳውንም እናሳይ። አጋፋሪ ሆኖ በር የሚጠብቅ ካለ፣ ወፍጮው ሥር የምትንበረከክም ትኑር። የቀጠነው ጠጅም ይቀዳ፤ ማን እንደሚደርሰው ደግሞ ዕጣ ይወስን። ያን ጊዜ ግብር ምን እንደ ነበር በንግግር ሳይሆን በምላሳችን እናውቀዋለን።

ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል፤ ሐሳቡን እናቀርባለን። የሚቃወመን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብን፤ ጄክ ያዘዘው ጓደኛችንም ብዕሩን አንሥቷል። ኮክቴሉ እንዴት ነበር ለምትሉን ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ይጣፍጣል።