የወታደር አቤቱታና የመንግሥት ጆሮ

ሌላው ሠራተኛ ደመወዙ ቢያንሰው ሥራውን ለቆ ሊሄድ፥ ከባልደረቦቹም ጋር ተማክሮ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ወታደር ግን እንዲህ ያደረገ እንደሆነ አድመኛ ተብሎ ይቀጣል። ይህም ተገቢ ነው፤ መሣሪያ የታጠቀ ሰው «ስጡኝ፥ አለዚያ አልታዘዝም» ሲል ልመናው ከዛቻ አይለይምና። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የማደም መብቱን የተወ ሰው የመናገር መብቱንም አብሮ ትቷልን?

አንዳንዶች «ወታደር ይታዘዛል እንጂ አይከራከርም» ይላሉ። በጦር ሜዳ ላይ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የግዳጅ ትእዛዝና የቀለብ ጉዳይ አንድ አይደሉም። ትእዛዝን የሚፈጽመው ወታደር ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋም እንደ ማንኛውም ሰው ያስጨንቀዋል።

ደግሞም የወታደር ደመወዝ የወታደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ወታደሩ በቂ ደመወዝ ስላልነበረው በገበሬው ጫንቃ ላይ ይኖር ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን በደመወዝ ሊያሳድሩ ያሰቡትም ይህን ለማስቀረት ነበር።

ጆሮ የማጣትን ውጤት በ1966 ዓ.ም. አይተናል። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግባቸውና በውሃቸው ክፋት ተማርረው አዛዦቻቸውን አሰሩ፤ ጉዳዩን እንዲመለከቱ የተላኩትንም ጄኔራል ይዘው ከዚያው ምግብና ውሃ አቀመሷቸው። በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይልና የአሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሡ። መንግሥትም ደመወዝ ጨመረ። ወታደሩ ከዚህ የተማረው፥ በአቤቱታ ያልተገኘ በአመፅ እንደሚገኝ ነው። በሰኔ ወር ከየክፍሉ የተላኩ ወኪሎች ተሰብስበው ደርግን አቋቋሙ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋናቸው አወረዱ። ለዘውዱ መውደቅ ብዙ ምክንያት ቢኖርም፥ የጓዶቹን ብሶት ሊያሰማ የተላከው ወኪል ገዢ ሆኖ መቅረቱን ልንዘነጋ አይገባም።

ሕጋዊ በር የከፈቱ አገሮች ግን አሉ። በምዕራብ ጀርመን በ1956 እ.ኤ.አ. የወታደሮች ማኅበር ተመሠረተ፤ ወታደሩ ሥራ ማቆም አይፈቀድለትም፥ ማኅበሩ ግን ስለ ደመወዙና ስለ ኑሮው ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል። ብሪታንያ ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. የሠራዊቱን ደመወዝ እየመረመረ ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለመከላከያ ሚኒስትሩ ምክር የሚያቀርብ ነፃ አካል አቋቋመች። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው 87ኛ ስምምነትም የጦር ሠራዊትን ነገር ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። ስለዚህ መንገዱ ብዙ ነው፤ ምርጫውም የየአገሩ ነው።

«የመንግሥት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ መስማት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን ምክክር ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለማስረዳትም የሚጠቅም ይመስለናል። የግምጃ ቤቱን ልክ በወኪሉ አማካይነት የተረዳ ወታደር ችግሩን ይታገሣል፤ ያልተነገረው ግን ድህነቱን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል።

አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ይህ ተረት ለተናጋሪው የተነገረ ምክር ነው። ለሹም የሚገባው ምክር ደግሞ፥ ካለመስማት አገር ሊጠፋ እንደሚችል ማስታወስ ነው። ወታደር የማደም መብቱን ለአገሩ ሰላም ሲል ትቷል፤ ስለዚህ መንግሥት ሳይጮኽበት ሊሰማው ዕዳ አለበት።