ቤትን በጽድቅ ስለ መሥራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤት መሥራት በራሱ ነቀፋ የለበትም። ለልጆቹ መጠለያ ያዘጋጀ አባት መልካም አደረገ እንጂ አልበደለም። ጌታችንም ባለጠጋው ዘኬዎስ ቤት ገብቶ መዳን ለዚያ ቤት እንደ ሆነ ተናግሯል (ሉቃ. 19፥9)። በኢየሩሳሌምም ደቀ መዛሙርቱ ለጸሎት የተሰበሰቡት በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ነበር (ሐዋ. 12፥12)። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባን ቤቱ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ ብለን ሳይሆን በምን ተሠራ፤ ለማንስ ተከፈተ ብለን ነው።

በዘመናችን በየከተማው ዳርቻ ቀን በከተማ ሲሠራ ውሎ ማታ የሚገባበትን ያማረ ቪላ መሥራት የብዙ ሰው ምኞት ሆኗል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በለገጣፎ፥ በሱሉልታና በሰበታ ይህን አይተናል። በምሥራቁም ክፍል ቢሆን ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ወጣ ብላ የምትገኘው ሽንሌ ሩቅ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ካለፈባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ናት። ስለዚህ በአንዱ ሠርቶ በሌላው ማደር ለሚሻ ሰው መንገዱ አጭር ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ለንጉሡ ለኢዮአቄም የተናገረው ቃል ለዚህ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። ንጉሡ ሰፊ ቤትና ነፋስ የሚገባበት ሰገነት ለመሥራት አሰበ፤ መስኮቱን አበዛ፤ ግድግዳውን በዝግባ ለበጠ፤ ቀይ ቀለምም ቀባው። ነቢዩ ግን ወዮታውን ያወረደበት ስለ ዝግባውና ስለ ቀለሙ አይደለም። ቤቱን በግፍ ስለ ሠራ፥ ባልንጀራውንም ያለ ዋጋ ስላሠራ ነው (ኤር. 22፥13-14)። ደግሞም አባቱን ኢዮስያስን ጠቅሶ ይወቅሰዋል። ኢዮስያስም ይበላና ይጠጣ ነበር፤ ነገር ግን ለድኻውና ለምስኪኑ ይፈርድ ነበር። እግዚአብሔርን ማወቅ ማለት ይህ እንደ ሆነ ነቢዩ ይመሰክራል።

ቤት ያለው የድንጋይና የእንጨት ቤት ነው። አንድም ቤት ያለው ትውልድ ነው፤ በግፍ ገንዘብ ያደገ ልጅ የአባቱን ዕዳ ይወርሳልና። አንድም ቤት ያለው ሰውነት ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው ብሎ አስተምሯልና (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። በሦስቱም ቤት ላይ ግፍ ከገባ ሦስቱም ይፈርሳሉ።

ይህን ስጽፍ ሌላውን ብቻ ልወቅስ አይደለም፤ የራሴንም በደል እናገራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምእመን ከድሬዳዋ ወጥቶ በሽንሌ በኩል ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቶ ጸሎት እንዳደርስለትና ጸበል እንድረጭለት ጠራኝ። ከብረቱ በር ስደርስ ሦስት ሰዎች በጥላው ሥር ቆመው አገኘሁ፤ አንዱ ግንበኛ፥ አንዱ ለሳኝ፥ ሦስተኛዋ ውኃና አሸዋ ስታመላልስ የነበረች የቀን ሠራተኛ ነበረች። ግንበኛው ቀርቦ መስቀል ተሳለመና፦ «አባታችን፥ የሁለት ወር ዋጋችን አልተሰጠንም፤ እርስዎ ቢነግሩልን ይሰሙዎታል» አለኝ። እኔም «እሺ፥ እነግራለሁ» ብዬ ገባሁ።

ጸሎቱን አደረስሁ፤ ከሳሎኑ እስከ ሰገነቱ ጸበል ረጨሁ። ከዚያ ማዕድ ቀረበ። በማዕዱ ላይ የሰውን ደስታ ማደፍረስ ምን ያደርጋል፤ ከምሳ በኋላ እነግረዋለሁ ብዬ አቆየሁት። ከምሳ በኋላ ደግሞ የበላሁት እንጀራ አፌን ያዘው። ባለቤቱ በመኪናው ሲሸኘኝ ሦስቱ አሁንም በበሩ ቆመው ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ወደ መቋሚያዬ ጣልሁ።

ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። በስምንተኛው ቀን ተመልሼ ሄጄ ለባለቤቱ ነገርሁት። መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ፤ በኋላ ግን ልቡ ተመልሶ ሁለቱን ወንዶች ጠርቶ ከፈላቸው። ሴቲቱን ግን ማግኘት አልተቻለም። ግንበኛው እንደ ነገረኝ የሶማሌ ወገን ነች፤ በ2008 ዓ.ም. በዚያ ምድር በጸናው ድርቅ የቤተ ሰቧ ከብት አልቆ ነበር ለቀን ሥራ የወጣችው። ወዴት እንደ ሄደች የሚያውቅ አልተገኘም። ባለቤቱ የእርሷን ዋጋ ለይቶ አስቀምጧል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የነዳያንን ነገር ባነበብሁ ቁጥር በበሩ እንደ ቆመች ትታየኛለች። ክርስቲያን ቤቱን ሲያስባርክ ያየችው ሥራ ምን ነበር? ካህኑስ ምን አደረገ? ሐዋርያው የእግዚአብሔር ስም በእናንተ ምክንያት በአሕዛብ መካከል ይነቀፋል ሲል የተናገረው (ሮሜ 2፥24) በእኔ ደረሰ።

ኦሪት የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው ትላለች፤ ወንድምህም ቢሆን፥ በአገርህ ያለ መጻተኛም ቢሆን ልዩነት አታደርግም (ዘዳ. 24፥14-15)። በሽንሌ በኩል ግን ባለ አገሯ ሴቲቱ ነበረች፤ እንግዳው ቤት ሠሪው ነበር። ለእንግዳ እንዲህ ያዘዘ አምላክ ስለ ባለ አገሩማ እንዴት አብልጦ አይጠይቅ! ቅዱስ ያዕቆብም የተከለከለው ዋጋ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል (ያዕ. 5፥4)። እንግዲህ ሠራተኛው ፈርቶ ዝም ቢል እንኳ ግድግዳው ዝም አይልም።

አባቶቻችን በዚህ ነገር አፋቸውን አልያዙም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ክርስቶስ በድኻው አካል ተርቦ ሳለ መሠዊያውን በወርቅ ጽዋ ማስጌጥ ምን ይረባል ብሎ አስተምሯል። የባለጠጎችንና የቤተ መንግሥትን ቅንጦት በመገሠጹ ጠላት በዛበት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ407 ዓ.ም. በስደት ሳለ ዐረፈ። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ የባለጠጋ ቤተ ሰብ ልጅ ሲሆን፥ በቂሳርያ ረኃብ በጸና ጊዜ ጎተራ ያላቸውን ገሠጸ፤ የራሱንም ሀብት ለድኾች ሰጠ፤ ከከተማው ውጭም የድኾችና የሕሙማን ማረፊያ ሠራ። እርሱም ከከተማ ወጥቶ ሠርቷል፤ ነገር ግን ከሰው ለመሸሽ ሳይሆን ሰውን ለመቀበል ነው።

አሁንም ወደ አባታችን አብርሃም እንመልከት። የተስፋይቱን ምድር የወረሰው እርሱ በድንኳን ኖረ፤ መሠረት ያላትን፥ እግዚአብሔር የሠራትን ከተማ ይጠባበቅ ነበርና (ዕብ. 11፥9-10)። በከነዓን ምድር አራት መቶ ሰቅል ብር ከፍሎ የገዛው ቦታ ሣራን የቀበረበት መቃብር ነው። በድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ሳለ ግን ሥሉስ ቅዱስን በእንግድነት ተቀበለ። በሽንሌ ምድር የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች አቃል የሚሉት ጎጆ አላቸው፤ እንጨቱ ተጎብጦ፥ በሰሌን ተሸፍኖ፥ ሲጓዙ ተፈትቶ በግመል የሚጫን ነው። ያን ጎጆ ያየ ሰው የአብርሃምን ድንኳን ለመረዳት ትርጓሜ ብዙ አያስፈልገውም። እኛም ቤታችን የአርማታ ቢሆን ልባችን የድንኳን ይሁን፤ ተነሣ በተባልን ጊዜ ቤቱን ጥለነው እንሄዳለንና።

በዚህ ላይ የድሬዳዋ ሰው የጌታን የአሸዋ ምሳሌ (ማቴ. 7፥24-27) ከመጽሐፍ ብቻ አያውቀውም። ደቻቱ ውኃው ደርቆ የአሸዋ ሜዳ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ደራሽ ውኃ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ አጠፋ፤ ብዙውንም ሰው ያለ ቤት አስቀረ። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች እንዳስተማረን (ሉቃ. 13፥4) እነዚያ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ሆኑ አልሞቱም። ይህ ለእኛ ለቀረነው ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ደርቆ የሚታይ ወንዝ ሁልጊዜ ደርቆ አይቀርም። የተከለከለ ዋጋም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው ዝም ይላል፤ አንድ ሌሊት ይሞላል።

ብዙ ሰው ቤቱን ሳይጀምር ለቁልቢ ገብርኤል ይሳላል፤ ሲፈጸምለትም በታኅሣሥ 19 ወይም በሐምሌ 19 ቀን ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ስለት ማግባት መልካም ነው። ነገር ግን የለሳኙ ዋጋ ሳይከፈል የገባ ጃንጥላ ለሰጪው ምን ጥላ ይሆነዋል? መጀመሪያ ሠራተኛውን፥ ቀጥሎም ስለቱን።

ስለዚህ ቤት የምትሠሩ ወገኖች፤ መሠረቱ ሲጣል የሠራተኛውን ዋጋ ከብረቱና ከሲሚንቶው አስቀድማችሁ ለዩ። ቤታችሁን ስትከፍሉ ለእንግዳ አንድ ክፍል አትንፈጉ፤ ለዘበኛውና ለቤት ሠራተኛይቱ የምትሠሩትን ክፍል እናንተ ልታድሩበት የማትወዱት አድርጋችሁ አትሥሩ። አጥራችሁ ሌባን ይከልክል እንጂ አልዓዛርን አይከልክል።

እናንተም ካህናት ወንድሞቼ፤ ወደ አዲስ ቤት ስትጠሩ ጸበሉን ከመርጨታችሁ በፊት ባለቤቱን ለብቻው ጠርታችሁ፦ «የዚህ ቤት ሠራተኞች ዋጋቸውን ተቀብለዋልን?» ብላችሁ ጠይቁት። ከማዕዱ በፊት ጠይቁ፤ ከማዕዱ በኋላ እኔ እንደ ሆንሁ ትሆናላችሁና። አልከፈልሁም ቢላችሁ አታዋርዱት፤ ከፍሎ ይጥራችሁ፤ ያን ጊዜ በደስታ ሂዱ። በዚያ ቀን ግንበኛውም ለሳኙም አሸዋ ያመላለሰችውም ከእናንተ ጋር በማዕዱ ቢቀመጡ ቤቱ በእውነት ተባረከ።

ቤታችንን በጽድቅ እንድንሠራ፥ በበራችን የቆመውንም እንድናይ ዓይነ ልቡናችንን ይክፈትልን፤ በኋላም በሰው እጅ ያልተሠራውን ዘለዓለማዊ ቤት ያውርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።