ማሽኑ ወይስ ስልኩ?

ልጄ፣ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ፣ አስፋልት ዳር ቤት ተከራይተሽ እንቅልፍ ብታጪ አይገርመኝም። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዳይዘዋወር የሰዓት ገደብ ሲጣልበት፣ ተሳቢው ሁሉ ሌሊቱን ጠብቆ ይነሳል። የሚያባንንሽ ደግሞ የሞተሩ ጉርምርምታ አይደለም፤ ሰፈሩ ጸጥ ካለ በኋላ ድንገት «ጢስ» የሚለው የንፋስ ፍሬን ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ ግን ያው መኪና እያለፈ ትተኛለሽ፤ ፍሬኑ ከዝናቡ ጎልቶ አይሰማማ! የእንቅልፍ ድምፅ ሥራውም ይኸው ነው። ጫጫታውን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል።

አክስትሽ ከአሜሪካ ልላክልሽ ያለችው የእንቅልፍ ድምፅ ማሽን እዚያ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሸጣል። የመጀመሪያው ሽፋን የለበሰ ትንሽ ማራገቢያ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ የሚሠራ አለ። ጣጣው መብራቱ ላይ ነው። የእነሱ 120 ቮልት፣ የኛ 220። ከመግዛቷ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ። «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። «120» ብቻ ካለ ግን ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኪው፣ ይቃጠላል። ባትሪ ከሌለውም መብራት በሄደ ቁጥር ዝም ይላል፤ የለመድሽው ድምፅ ሲቋረጥ ደግሞ ትነቂያለሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ስልኩ ይሻላል፤ በእጅሽ የያዝሽውን ግን አላልኩም። እሱማ ዝናብ ልክፈት ብለሽ ገብተሽ ቲክቶክ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያስመታሻል። መሳቢያ ውስጥ የጣልሽውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌ ስልክ አውጪው። ሲሙን ንቀይበት፣ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ረዘም ያለ የዝናብ ድምፅ ጫኚበት። ከዩቲዩብ በቀጥታ ካጫወትሽ ካርድሽን ይበላል፣ ደህና ተኝተሽም ማስታወቂያ ይጮህብሻል። አይፎን ከሆነ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዝናቡ አብሮት ይመጣል፤ ሶፍትዌሩ 15ኛው ወይም ከዚያ በኋላ የወጣው ይሁን እንጂ።

ስልኩን ከአልጋው አርቀሽ፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ አስቀምጪው። በ2014 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ 14 የሕፃናት ማስተኛ ማሽኖች ሲለኩ፣ ሦስቱ እስከ መጨረሻ ተከፍተው በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከ85 ዴሲቤል በላይ አሰምተዋል። የፋብሪካ ሠራተኛ ጆሮውን እንዲሸፍን የሚመከርበት መጠን ነው፣ ለሕፃን! በር ሲንኳኳ ሊሰማሽ ስለሚገባም ኢርፎን ሰክተሽ አትተኚ።

አክስትሽን ደግሞ «አልፈልግም» ብለሽ አታስቀይሚያት። ካልላክሁ ካለች በዩኤስቢ የሚሞላ፣ ባትሪ ያለው ይሁን በያት። ገንዘቡን ላኪልኝ ለማለት ካላፈርሽ ግን፣ በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት መስታወቱ ላልቶ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼዋለሁ፤ መጀመሪያ እሱን ስቱኮ አስመቺው።